ሮዜር ያሸተተው ሰጋቱራ

ሌኦና ሊዞት የትምህርት ቤት አውቶቡስ በነዳችባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። በረዶው መንገዱን ቢደፍነውም፣ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ቢዘጋውም፣ ልጆቹ በየደጃፋቸው ቆመው የቢጫውን አውቶቡስ መብራት በሰዓቱ ያዩት ነበር። ያረፈደችው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ በገዛ ባሏ ላይ።

ባለፈው የካቲት ነበር። ሮዜርን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ከከዳው ሁለት ዓመት አልፎታል። ንግግሩም አብሮ ሄዶ፣ የቀሩት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌኦና ግን ቤቷ አስቀምጣ፣ አጥባ፣ አጉርሳ፣ ጺሙን ላጭታ ትይዘው ነበር። የዚያን ቀን ረፋድ መድኃኒቱን ልታመጣ ወጣች፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆይም ብላ ነው። መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ግግር በረዶ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠና መንገዱ ተዘጋ። ቤቷ ስትደርስ ከወጣች ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ምድጃው ጠፍቷል፤ ቀይ መብራቱ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ሮዜር እንደተወችው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ ግራ እጁ ወደ ብርድ ልብሱ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ጣቶቹን ስትይዛቸው እንደ ብረት ቀዝቅዘው ነበር።

ምድጃውን ያጠፋው ራሷ የገዛችው ማገዶ ነው። በካናዳ ድንበር እንዳለው እንደ ብዙው የሸለቆው ሰው እነሱም የሰጋቱራ እንክብል ያነዳሉ። ሰጋቱራው በማሽን ተጨምቆ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህል እንክብል ይሆንና በከረጢት ይሸጣል፤ ምድጃው ራሱ ጥቂት ጥቂት እየሳበ ያነደዋል። ሮዜር ደህና ሳለ መርጦ መግዛቱ የእሱ ሥራ ነበር። ሌኦና ብቻዋን ስትቀር፣ ከአንድ ትልቅ መደብር ደጃፍ ከረጢቱ ላይ የሚያምር እሳት የተሳለበትን አይታ ወሰደች። ለካ ውስጡ ቅርፊትና አፈር ኖሯል። አመዱ እንደ ጠርሙስ እየቀለጠ፣ መልሶ እየጠጠረ፣ የእሳቱን መተንፈሻ ደፈነው።

ሮዜር ሳንባውን ታመመ። ከሆስፒታል ወደ አረጋውያን መጦሪያ ወሰዱት፤ እዚያው ቀረ።

ናፈቀኝ የምትለው ነገር ትልቅ አልነበረም። ቦት ጫማውን ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ በረዶውን የሚያራግፈው ነገር። ድንች ሲልጥ የሚያፏጨው፣ ግማሹ የጠፋበት ዜማ። ደግሞ ጠዋት ጠዋት የምድጃውን በር ሲከፍት «እስቲ ልይሽ» የሚላት፤ ለእሷ ይሁን ለእሳቱ በአርባ አራት ዓመት ትዳር ለይታ አታውቀውም። በየቀኑ ረፋድ ላይ መጦሪያው ሄዳ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሰውየው አለ፤ እጁን ትይዘዋለች። ግን የሚናፍቃት ሰው እሱ ነው ወይስ ቤት ውስጥ የነበረው እሱ? ይህን ማሰብ ያስፈራታል።

ነሐሴ ላይ የመጦሪያው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ወይዘሪት ኮርማክ፣ ቢሮዋ ጠራቻት።

«ሮዜር ቤቱ ይመለስ ለማለት ሁለት ነገር ማየት አለብን» አለቻት። «አንደኛ፣ ቤቱ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ መሞቅ አለበት። ሳንባው ሌላ ብርድ አይችልም። ሁለተኛ፣ በአንድ ሰው ድጋፍ ብቻ ከአልጋ ተነሥቶ መቆም አለበት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እንወስናለን።»

«ይቆማል» አለች ሌኦና።

«እሱን እናያለን፣ ማዳም ሊዞት።»

መቆሙ በሌኦና እጅ አልነበረም። ሙቀቱ ግን በእጇ ነው። ስለዚህ እሱን ያዘች።

የድንች ለቀማው ተጀምሮ፣ ተማሪዎቹ እርሻ ላይ ወጥተው፣ አስፋልቱ የትራክተር ጭቃ በለበሰበት ሰሞን ወደ ጊሌን ናዶ ግቢ ነዳች። ጊሌን ማገዶ ነጋዴ ነው። አምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሆኖም በልጅነቱ ስምንት ዓመት አውቶቡሷ ላይ ስለተሳፈረ፣ ዛሬም ሲያያት ኮፍያውን ያወልቃል።

«አክስቴ ሌኦና! ምን ልታዘዝ?»

«እንክብል። ጥሩውን ስጠኝ።»

«እኔ ጋ ያለው ሁሉም ጥሩ ነው።»

«ጊሌን፣ ወንበሩ ሥር ማስቲካ የለጠፈው ማነው ብዬ ስጠይቅህም፣ ልክ እንዲህ ዓይንህን ሳትሰብር ነበር የምትዋሸኝ።»

ጊሌን ሳቀ። «እሺ በቃ፣ ሁሉም እኩል ጥሩ አይደለም። ይምጡ።»

መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ዓይነት አሳያት። አንዱ ከሜፕልና ከመሳሰሉት ጠንካራ እንጨቶች፣ አንዱ ድብልቅ፣ አንዱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ከካናዳ የመጣ፣ ጥድ ብቻ።

«ክፈትልኝ።»

«ከተከፈተ እኮ ማንም አይገዛውም።»

«የተከፈተውን እኔ እገዛዋለሁ። ክፈት አልኩህ!»

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች፤ ከሥር ዘግና አወጣች። እንክብሉን መልሳ መዳፏ ላይ የቀረውን ዱቄት እፍ አለችው፣ የበነነውንም በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ብርጭቆና የውሃ ጠርሙስ አውጥታ፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ፍሬ በየተራ ጣለች። ጥሩው ቶሎ ይሰምጣል፤ እንክት ብሎ ተፈርፍሮም ንጹሕ ሰጋቱራ ይሆናል። መጥፎው ይንሳፈፋል፤ ውሃውን ያደፈርሰዋል። የጊሌን ግን ሦስቱም ሰመጡ።

«ይኼን ደግሞ ማን አስተማረዎት?» አለ ጊሌን ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን እያየ።

«ባሌ። ምድር ቤት ወርዶ በብርጭቆ ሲጫወት እስቅበት ነበር። ‹ዶክተር ሊዞት፣ በሽተኛው እንዴት ነው?› እያልኩ። ያኔ ልብ ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ…»

ጊሌን ኮፍያውን አዟዟረ። የተከፈቱትን ከረጢቶች ወስዶ መኪናዋ ላይ ጫነላት።

ቤቷ ገብታ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ቀን አነደደችው። ውጭው ገና ስላልበረደ መስኮቱን ሁሉ ከፍታ፣ በሹራብ ፈንታ በሸሚዝ ተቀምጣ እሳት ትጠብቃለች። ጎረቤቷ አንዷ በአጥር ላይ «ሌኦና፣ ደህና ነሽ? ዳቦ ነው የምትጋግሪው ወይስ ራስሽን?» አለቻት። ድብልቁ እዚያው ወደቀ፤ አመዱ ውስጥ ጠጠር አገኘችበት። ሜፕሉና ጥዱ ግን ሁለቱም ነበልባላቸው ጥርት ያለ፣ አመዳቸው እንደ ዱቄት የላመ ነው። አንዱን መምረጥ አቃታት። ባለፈው ጊዜ የመረጠችው እሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ በራሷ እጅ አታምንም።

በማግሥቱ ሦስቱንም በማርማላታ ብልቃጥ አድርጋ መጦሪያው ይዛ ሄደች። ድብልቁንም የጨመረችው ሮዜርን ልትፈትነው ነው።

ሮዜር መስኮት ሥር ተቀምጦ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይኛው ወንዝ ዳር ካለው ጫካ ገብቶ፣ በኋላም እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ውስጥ አርጅቶ የወጣ ሰው ነው። ድሮ ጓደኞቹ ዓይኑን በሻርፕ ሸፍነው ቁራጭ እንጨት ያስሸትቱት ነበር፤ ሲስት ያየ የለም።

«ሮዜር፣ ሥራ አመጣሁልህ» አለችና ከድብልቁ ጥቂት ግራ መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት።

እንክብሉን አየው፣ እሷን አየ። ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ፊቱ ተኮማተረ።

«ቅርፊት» አለ። ወለሉ ላይ በተነው።

ሌኦና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ይህን ቃል ከአፉ ከሰማች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሜፕሉን ሰጠችው። አሸተተ፣ ግራ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ፤ ደህና ነው፣ ምንም አይልም እንደማለት። መለሰላት።

ጥዱን ስትሰጠው ግን ከአፍንጫው ሥር አላነሣውም። ዓይኑን ጨፈነ። ደረቱ ወጣ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። ሌኦና ትንፋሹን ትቆጥር ጀመር።

«ላይኛው… ወንዝ» አለ። «ጥቁር… ጥድ።»

«አዎ፣ ጥድ ነው። እሱን ልግዛ?»

ሮዜር ጣቶቹን አጥፎ እፍኙን ጨበጠ። ብልቃጡን ብታቀርብለትም አልመልስ አለ። እንባው በደህናው ጉንጩ በኩል ወረደ፤ በሌላው በኩልም እንደወረደ እንኳ አያውቅም።

«ቤት» አላት። «መቼ?»

ሌኦና ማንንም ሳትጠይቅ «በረዶ ሳይወድቅ» አለችው።

በማግሥቱ ስትመጣ ነርሷ ቴልማ ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት። «ማዳም ሊዞት፣ ባልሽ ጥንቸል ማርባት ጀምሯል እንዴ? አንሶላው ውስጥ ሙሉ የጥንቸል ቀለብ ነው ያገኘሁት! ልወስድበት ስል ደግሞ እጄን መታኝ።»

«አትውሰጂበት፣ ቴልማ።»

«ምንድነው?»

«ቤታችን ነው» አለች ሌኦና፤ ወዲያውም አፈረች።

በዚያው ሳምንት ጊሌን ዘንድ ተመለሰች። «ጥዱን። አራት ቶን።»

«አክስቴ፣ ለእርስዎ ብቻ ሦስትም ይተርፋል።»

«ለእኔ ብቻ ነው ያለህ ማነው?»

ጊሌን አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ተወው። ራሱ አምጥቶ፣ ከረጢቶቹ እርጥበት እንዳይነካቸው ከወለሉ ከፍ አድርጎ ምድር ቤቷ ውስጥ ደረደረላት። ሌኦናም ምድጃውን አስጠርጋ፣ ጭስ ማውጫውን አስፈትሻ፣ ቴርሞሜትር በየክፍሉ ሰቀለች። መብራት ቢጠፋ ብላ ለምድጃው ትልቅ ባትሪ ገዛች። ወይዘሪት ኮርማክ ቤቱን ልታይ ስትመጣ ካፖርቷን ቶሎ አወለቀች፤ ቆይታ ሹራቧንም አወለቀች።

«በዚህ በኩል የምለው የለኝም» አለች።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሮዜርን ሊያዩት ተሰበሰቡ። ሌኦና ቢጫ ሸሚዙን አልብሳው፣ ፀጉሩን አበጥራው ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ በብብቱ ይዞ «እንግዲህ ሙስዬ ሊዞት፣ በሦስት እንነሣለን» አለው። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ከመቀመጫው ትንሽ ለቀቀ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ላይ ፊቱ ደም መስሎ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሮ፣ ግማሽ ድረስ ወጣ። ሌኦና ወንበሯ ላይ ሆና ሳታውቀው አብራው ከመቀመጫዋ ተነሥታለች። ከዚያ ወደቀ፤ ሁለት ሰው ደርሶ ያዘው።

ወይዘሪት ኮርማክ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። «ማዳም ሊዞት፣ የዘንድሮውን ብርድ እዚሁ ቢያሳልፍ ነው የሚሻለው።»

«ቤቱ እኮ ሞቋል! አንቺው ራስሽ አይተሻል።»

«አይቻለሁ። ችግሩ ቤቱ አይደለም። እርስዎ ሰባ ዓመትዎ ነው። ቢወድቅ ማን ያነሣዋል?»

ሮዜር ሁለቱን ተራ በተራ እያየ ነበር። ገብቶታል።

ቤቷ ስትገባ ምድጃው እንደተወችው በዝግታ ይነዳል። ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቱ፣ መታጠቢያ ቤቱ እንኳ እኩል ሞቀዋል። ከነካፖርቷ ቁጭ አለች። ባይሞቅ ይሻል ነበር። ቢያንስ የምትወቅሰው ነገር ይኖራት ነበር። እዚያው ተቀምጣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ዓይኗን ጠርጋ ግን ስልኩን አነሣች።

«ወይዘሪት ኮርማክ፣ ለመኖር ካልተቻለ ለመዋልስ?»

በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ የመጦሪያው መኪና ሮዜርን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ አመጣው። ሹፌሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ከዋዜማው ጀምሮ በረዶ ጥሎ ስለነበር ጎማዎቹ ወለሉ ላይ ሁለት እርጥብ መስመር አሰመሩ፤ ሌኦና አልወለወለችውም። ምድጃው ፊት አቆመችው። ግራ እጁን ወደ መስታወቱ ዘረጋ፤ ለረዥም ጊዜም አላጠፈውም። የዶሮ ወጥ ሠርታ፣ ፕሎይ የሚባለውን የአገሩን ስስ ቂጣ በትኩሱ ቅቤ ቀብታ ጠቅልላ አጎረሰችው። አገጩ ላይ የወረደውን ስትጠርግለት «ሌላ» አላት፤ ደገመችለት። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ድሮ እሑድ ከሰዓት እንደሚተኛው፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ። ሌኦና ሳህኑን እንኳ አላነሣችም፤ እንዳትቀሰቅሰው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ሮዜር ነቃ፣ በመስኮቱ አየ።

«ቆይ በይው» አላት።

ሦስት ቃል የማትሞላ ንግግር ናት፤ ግን ድሮ እንደሚያዛት አድርጎ ነው ያላት። ሌኦና ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች በረዶው ላይ ወጣችና የመኪናውን መስኮት አንኳኳች። «አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ልጄ።» ሹፌሩ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፤ ሞተሩን አጠፋ።

አሥሩ ደቂቃ ሃያ አምስት ሆነ። ጎን ለጎን ተቀምጠው እሳቱን አዩ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ መጣ፤ መንገድ ከተዘጋባቸው ሁለት ሳምንታት በቀር። ሲሄድ ሁልጊዜ «መቼ?» ይላታል፤ ሁልጊዜም «እሑድ» ትለዋለች። ሰኞ ሰኞ ግን ቀኑ አልመሽ ይላታል። ያን ጊዜ ምድር ቤቱ ትወርድና አንድ ከረጢት ከፍታ፣ እጇን ከትታ ትንሽ ትቆያለች።