የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ

ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ምድር ቤት ባለው ላውንደሪ፣ ጉልበቴን ጨርሻለሁ። የሆቴሉን ስም አልጽፍም፤ በነጻ ላስተዋውቃቸው አልፈልግም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሆቴል አንሶላ ማጠብ ምን እንደሆነ ያጠበ ያውቀዋል። አንድ ቀን አንሶላው ለመጨረሻ ጊዜ የተለቀለቀበትን ውሃ ልብ ብዬ አየሁት፤ ፊት ያስታጥባል። ቱቦውን ከፍሳሹ ነቅዬ በርሜል ውስጥ ከተትኩትና በዚያው ውሃ የሚቀጥለውን ቆሻሻ ፎጣ ዘፈዘፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። አብራኝ የምትሠራው የወሎ ልጅ ሳቀችብኝ።

"አንች፣ የሆቴሉን ውሃ እንዲህ የምትሳሽለት ባለቤቱ ያገባሽ መስሎሽ ነው?"

በማግስቱ ግን ሁለተኛ በርሜል ከየትም ፈልጋ ያመጣችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ሥራዬን እወደው ነበር። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማሁ ምሳዬን ጥዬ እነሳለሁ።

ከዚያ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ሽቶው የሚቀድመው። በርሜሎቹን አየና፣ "እማማ፣ ይሄ እኮ ግሪን ነው! በቃ፣ ሆቴላችን ግሪን ሆቴል ይባላል" አለ። እንግዳ ካልጠየቀ አንሶላ እንዳይቀየርም አዘዘ። ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነበርኩ። እጥበቱ ሲቀንስ የሌሊቱን ፈረቃ ይሠሩ የነበሩትን ሦስት ሴቶች "ሥራ የለም" ብሎ አሰናበታቸው። የቀነሰው አንሶላው እንጂ የአዳራሹ የጠረጴዛ ልብስ፣ መጋረጃው፣ የሠራተኛው ዩኒፎርም አልነበረም፤ ሁሉም በሁለታችን ላይ ወደቀ። ድሮ ደክሞኝ እተኛ ነበር። ይሄኛው ድካም እንቅልፍ እንኳ አያመጣም። ጠዋት ከቂርቆስ ወጥቼ የሆቴሉ በር ጋ ስደርስ እርምጃዬን አዘገይ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በርሜሉ ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ ቆሜ አየሁት።

"ኧረ ውሃው!" አለች የወሎዋ ልጅ።

"ይፍሰስ። የኔ ነው እንዴ?"

ሄዳ ቧንቧውን ዘጋችው።

ሆቴሉን መርምረው የግሪን ሆቴል ምስክር ወረቀት የሚሰጡ ሰዎች ሲመጡ ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እያስተካከለ "እማማ፣ እንዴት እንደተጀመረ ያስረዷቸው" አለኝ። ፎጣዬን መጭመቅ ቀጠልኩ። ለእሱ ብዬ አፌን ልከፍት? እንደማልናገር ስታይ ጓደኛዬ ወደ በርሜሉ ጠጋ አለችና "እኔ ነኝ የጀመርኩት" አለች።

እኔ አለች። አጠገቧ ቆሜ።

ፎቶዋ ከነስሟ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እኔም መልቀቂያዬን አስገባሁ። ቤቴ ድረስ መጣች፤ ተቀመጪ አላልኳትም።

"ወላሂ ላንች ፈርቼ ነው" አለች። "ስምሽን ባነሳ አንችን ነበር ግድግዳው ላይ የሚለጥፉሽ። ከተባረሩት አንዷ ቂርቆስ አብራሽ የምትሳለም አይደለች? በማን ሰበብ እንጀራዋን እንዳጣች አትሰማም?"

"ደግሞ ለኔ ብለሽ ነው?"

"ላንች ብዬ ነው።"

"ደህና ዋይ" አልኳት።

ለዓመታት ላገኘሁት ሰው ሁሉ አማኋት። ይህንንም መጻፍ ስጀምር ሐሳቤ ያው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ሌላ ትልቅ ሆቴል ሆኖ ስለ ውሃ ቁጠባ ስልጠና ይሰጣል አሉ፤ እጁ በርሜል ነክቶ አያውቅም። ካዛንቺስ ሲፈርስ የእሷም ቤት ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች ይላሉ። ስልኳን ሞከርኩት፤ አይሠራም።

ባለፈው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ያቺ የተባረረችው ሴት በሩ ላይ አገኘችኝ። ተሳሳምን፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን።

"ያቺ ጓደኛሽስ?" አለችኝ። "በርሜሏን ይዛ መጥታ እንጀራችንን የደፋችው።"

"እሷ አይደለችም። የጀመርኩት እኔ ነኝ።"

ትንሽ አየችኝና ሳቀች።

"ተይ ባክሽ! የሥራ ልምድ ላወጣ ስሄድ ፎቶዋን በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ ደግሞ፣ ለጓደኛ ብለሽ!"

"እውነቴን ነው።"

"እሺ፣ እሺ። እኔ ግን ይቅር አልላትም፤ እግዜር ይይላት" አለችና ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ፣ የሜክሲኮ ታክሲ እንዳያመልጣት ሮጠች።