አምስተኛው ቤት

ከጠዳ ሽማግሌ የመጣብኝ ዕለት ጓዳ ቆሜ ጠላ እቀዳ ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አራተኛ ክፍል ነኝ። ታላቅ እህቴ በእኔ ዕድሜ ተድራ በሃያ ዓመቷ አራተኛዋን አርግዛለች። እናቴ ዐሥራ አንድ ወልዳለች። እኛ ዘንድ ሠርጓ ላይ «ውለዱ፣ ክበዱ» የተባለች ልጅ ዓመቱ ሳይዞር ክርስትና ይጠበቅባታል፤ ከዘገየ ጎረቤት መጠየቅ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ስድስተኛን ሳልጨርስ መሄድ አልፈለግሁም። ግን ለማን ይነገራል? ወንድ ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ የቁስቋም ቄስ ነው። «መጀመሪያ ዘር እንቁጠር» አለ። እስከ ሰባት ቤት የተዛመዱ አይጋቡም፤ አንደኛው ቤት አባት፣ ሁለተኛው አያት እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። አባቴ የኛን ቆጠረ። ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው፣ ሁሉም አያ የሚሉት ሰው፣ የልጁን ቆጠረ። ሰባት ደረሱ፤ አንድም ስም አልገጠመም።

«ሸጋ ነው፣ ባዳ ነን» አለ አንጋፋው። «እንግዲህ ቀኑን እንቁረጥ።»

እኔ ግን አምስተኛው ቤት ላይ የጠራውን ስም አውቀው ነበር። በአባቴ ዳዊት መጨረሻ የጧፍ ሰም ያጣበቃቸው ሁለት ገጾች ነበሩ። በዚያ ክረምት ቤት ስጠብቅ በጥፍሬ ቀስ ብዬ አላቅቄ አንብቤያቸዋለሁ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ባለቤት የዓለም ስሙም የክርስትና ስሙም እዚያ ተጽፏል። አባቴ ከኛ ዘር የቆጠረው በዓለም ስሙ ነው፤ ጠዳዎቹ የጠሩት በክርስትና ስሙ። አንድ ሰው ነው፤ ሁለት አድርገውታል።

እንዴት ከጓዳ እንደወጣሁ አላውቅም። ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቼ አባቴ ጉልበት ላይ ዘረጋሁና ጣቴን መስመሩ ላይ አሳረፍኩ።

«ምነው ልጄ፣ ዳዊት ልትደግሚልን ነው?» አለ አንጋፋው፤ ሌሎቹ ሳቁ።

አባቴ በልቡ አነበበ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበ። ሳቁ ቆመ።

«በሉ መምሬ» አለ አንጋፋው፣ «ሙሽራ ልንወስድ መጥተን እህት አግኝተን መመለሳችን ነው። ያውም ፊደል የቆጠረች።»

ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ። እናቴ «ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» ትለኛለች፤ እሷም ትስቃለች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አባቴ ቀለም በጥብጦ ከዳዊቱ ጋር ሰጠኝ። «የናንተንም ጻፊ፣ ሁለት ሁለቱን ስም። ሌላ ሰው እንዳይሳሳት» አለኝ። የሞቱትን ጨምሬ ዐሥራ አንዳችንን ስጽፍ ባዶ የነበረው ገጽ ሞላ።

ስድስተኛን ጨርሼ ነው የተዳርኩት። ዛሬ አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሁለቱን ስሟን በሚቀጥለው ገጽ ራስ ላይ ጽፌዋለሁ። እናቴ ባየችው ቁጥር «ምነው፣ ወረቀቱ ባዶውን ቀረ» ትለኛለች።

ይቆይ እላታለሁ፤ ቀለሙ አይደርቅም።