ስለ ባዶ ወንበር አይጠየቅም

የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ሕግ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። አዲስ የመጣ ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ይማረዋል፤ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ከተገኘ «የታለ?» ተብሎ አይጠየቅም። ነርሶቹ አንሶላ ይቀይራሉ፣ ማሽኑን ያጸዳሉ፣ ሌላ ሰው ይመጣል። የቀሩት ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሕግ ለዓመታት አክብራ ኖራለች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ትመጣለች። ኪሎዋን ትመዘናለች፣ ግራ ክንዷን ትዘረጋለች፣ ሁለት መርፌ ይገባላታል። ደሟ ወጥቶ፣ ታጥቦ እስኪመለስ ትጋደማለች። ከጎኗ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ይጋደማል። ሳያሳውቅ ምንም ነገር ስለማያደርግ ሰዉ «ፍሬቻ» ይለዋል። «አሁን ልዞር ነው» ይላል፤ ይዞራል። «አሁን ላስነጥስ ነው» ይላል፤ ያስነጥሳል።

«አሁን ልሞት ነው ብለህ እንዳታስደነግጠን ደግሞ» አለችው አንድ ቀን።

«እሜቴ፣ እሷን ኩርባ እንኳ ፍሬቻ ሳላሳይ ነው የምታጠፋት።»

ወሬያቸው ስለ ውሃ ነበር። ኩላሊቱ የሞተ ሰው እንደልቡ አይጠጣም፤ የቀኑ ድርሻው አንድ ትንሽ ጠርሙስ ናት።

«ትናንት በህልሜ አንድ ጀሪካን ውሃ ጠጣሁ» ይላል እሱ።

«ኪሎህ የጨመረው ለዚያ ነዋ።»

«ልብስ ሰፊ ብትሆኚም ልበ ሰፊ አይደለሽም። ትንሽ አታዝኚልኝም?»

ወረርሽኙ ሲገባ ክፍሉ ተበተነ። ሆስፒታሉ ለልጇ ደውሎ «እናትዎ ከእንግዲህ ከሰዓት ይምጡ» አለው። ስትደርስ ወንበሮቹ ተራርቀዋል፤ ሰዉ ግማሽ ሆኗል። ነርሶቹ ከራስ እስከ እግራቸው በፕላስቲክ ተጠቅልለዋል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ከጠፉት መካከል ወደ ጠዋት ፈረቃ የተዛወረ ነበር፤ በበሽታው የሞተም ነበር። ማን የትኛው እንደሆነ ነርሶቹ ያውቃሉ። አልጠየቀችም። እስካልተጠየቀ ድረስ ሰውዬው አልሞተም። ስልኩን አታውቅም፤ ቤቱንም አታውቅም። ሁልጊዜ ጎን ለጎን ለሚተኛ ሰው ስልክ ምን ያደርጋል?

ቤት ውስጥ የምትኖረው በጓሮ ክፍሏ ነው። የልጅ ልጆቿ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ምራቷ ሳህኑን በር ላይ አስቀምጣ አንኳኩታ ትሄዳለች። «ለእርስዎው ብለን ነው፣ እማማ» ትላለች ከበሩ ማዶ። እውነቷን ነው፤ አሮጊቷም ታውቃለች። የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና ተወችው። ምግቡ ይቀዘቅዛል። ሌሊቱ አይነጋም። ፍሬቻ ሳያሳይ ታጥፎ ይሆን? እያለች ታሰላስላለች።

አንድ ቀን «ዛሬ አልሄድም» አለች።

ልጇ በሩ ላይ ቆመ። «እማዬ፣ እጥበት እኮ ነው። ጸጉር ቤት አይደለም ዛሬ ቀረሁ የሚባለው።»

«ደክሞኛል።»

«በሽታውን ፈርተሽ ነው?»

«እኔ በሽታ አልፈራም። አብረን ነው የምንኖረው።»

ባሏን ከቀበረች ዘመን አልፏል። በዚህ ዕድሜዋ ልጇን «አንድ ሾፌር ናፈቀኝ» ትበለው? ሆድ ይፍጀው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በቀጣዩም ቀጠሮ ቀረች። እግሯ አበጠ። ትንፋሽ ሲያጥራት ልጇ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባት።

ሐኪሙ ራቅ ብሎ ቆመ። «እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

«አይወስደኝም።»

«ሰው ሞቶብዎታል?»

«እሱን ባውቅማ ጥሩ ነበር።»

ሐኪሙ አልገባውም። የእንቅልፍ መድኃኒት አዘዘላትና ሄደ። ነርሷ መርፌውን ልታስገባ ጎንበስ አለች። በፕላስቲኩ ውስጥ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፤ ድምጿ ግን የድሮው ነው። «እናቴ፣ ሁለቴ ቀርተው ሊገድሉን ነው?»

«ሲስተር፣ ያ ሰውዬ የታለ?»

ማዶ የተኛው ሰው ዓይኑን ገለጠ። ሌላዋ አንገቷን ቀና አደረገች።

«የትኛው?»

«የመስኮቱ። የሚለፈልፈው።»

«ፍሬቻ? ጠዋት ነው እኮ የሚመጣው! ደህና ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ለመርፌው ዘረጋች።

«ስለኔ ጠይቆ ያውቃል?»

«አይ፤ አልጠየቀም።»

መጀመሪያ ተናደደች። እንዲህ ነው? ምን ዓይነት ድንጋይ ነው! ቆይቶ ግን ነገሩ ገባት። እሱም ሕጉን አክብሮ ነው። እዚያ ተጋድሞ፣ የእሷን ባዶ ወንበር አይቶ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ነው። ለእሱ እሷ ሞታለች።

«ልብስ ሰፊዋ አለች በይው» አለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ነርሷን በር ላይ ያዘቻት። «ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ የደም ግፊቱ ወጥቶ ማሽኑ ይጮህብን ጀመር።»

ጠዋት ልምጣ ብላ ለመነች። አይቻልም፣ ፈረቃ ማቀላቀል ክልክል ነው ተባለች። እንግዲያው ሌላ መላ ዘየደች። በቀጣዩ ቀጠሮዋ ዋዜማ ልጇን «ነገ ቀደም ብለን እንውጣ» አለችው።

«ምነው?»

«መንገድ ይዘጋጋል።»

«መንገዱ ላይ ድመት እንኳ የለም፣ እማዬ!»

ቢሆንም ወሰዳት። ከሆስፒታሉ በር ማዶ መኪናውን አቁመው ጠበቁ። የጠዋቶቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ሁሉም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነዋል። ያኔ ነው ፍሬቻን ቆሞ አይታው እንደማታውቅ ያስተዋለችው። ሁልጊዜ ቀድሟት ይመጣል፣ ከእሷ በኋላ ይወጣል። በድምፁ ለክታ ግዙፍ ሰው ሠርታ ነበር። ረጃጅሞቹ አለፉ። አንዱም እሱ አይደለም።

መስኮቱን ዝቅ አድርጋ በደመ ነፍስ ጮኸች። «ፍሬቻ!»

ሴት ልጁ ክንዱን ይዛ የምትደግፈው አንድ ድንክዬ ሽማግሌ ዞረ።

«እሜቴ!»

«አንተ! እንዲህ አጭር ነህ?»

«ተኝቼ ነው የምረዝመው!» አለ። ሊሻገር ሲል ልጁ ጎተተችው፤ ዘበኛውም እጁን ዘርግቶ ከለከለው። ሁለቱም በየዳርቻቸው ቀሩ። መንገዱ ሰፊ አልነበረም።

«ስልክሽን ስጪኝ!»

«የልጄ ነው፣ በቃሌ አላውቀውም! የራስህን ንገረኝ!»

ቁጥሩን አንድ በአንድ እየቆጠረ ጮኸላት። ልጇ ግራ ቢገባውም ስልኩን አውጥቶ መዘገበ። ሁለት ቁጥር ሲቀር አንድ የውሃ ቦቴ እያጓራ በመሃላቸው አለፈ። ቦቴው ሲያልፍ ሴት ልጁ ፍሬቻን መኪና ውስጥ እያስገባችው ነበር። በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ረቡዕ እጨርስልሻለሁ!»

መኪናው ሄደ። ልብስ ሰፊዋ እስኪሰወር አየችው።

«ግድ የለም» አለ ልጇ፣ ፈገግታውን ለመደበቅ እየሞከረ፤ «የቀረውን ከነርሷ እጠይቅልሻለሁ።»

«ምንም እንዳትጠይቅ» አለች፤ በሩን ከፍታ ለመውረድ እየታገለች። «ረቡዕ እመጣለሁ።»