የልጄ ጥንቸል ምግብ የተወች ሰሞን

ካሮቱ እንዳለ አድሮ ነበር። ቀቅዬ፣ በሹካ ደፍጥጬ፣ እንዳያቃጥላት አቀዝቅዤ ማታ ያስቀመጥኩላት ካሮት ጠዋት ከነሳህኑ እዚያው ቁጭ ብሏል፤ ዳር ዳሩ ደርቆ ጠቁሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ጠግባ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን አላለፍኩትም። በዚህ ቤት ውስጥ ሳህን መግፋት ምን ይዞ እንደሚመጣ አይቻለሁ። ባሌ ሲታመም መጀመሪያ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሳህኑን በጣቱ ወደኔ ገፋ አድርጎ «ደህና ነኝ፣ ኋላ እበላለሁ» አለ። ኋላ አልበላም።

ጥንቸሏ ከአልጋው ስር የልጄ አሮጌ ዩኒፎርም ሹራብ ላይ ተኝታለች። ጎትቼ አነሳኋት። ቀለለችኝ። አገጯ ስር ያለው ነጭ ጸጉር ርሶ ተጣብቋል፤ ለሃጭ ነው። በመዳፌ ጠረግኩላት፣ ተመልሶ ረጠበ። ያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት።

ጥንቸሏ የኔ አይደለችም፣ የልጄ ናት። ባሌ በሞተ በዓመቱ ነው የመጣችው። ልጄ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች፤ ከአባቷ ቀብር በኋላ ወሬ ተወች። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ግድግዳ ታያለች፣ በቃ። እኔ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ጉልት ላይ አትክልት እሸጣለሁ። አንዲት ደንበኛዬ አገር ልትለቅ ስትል የልጆቿን ጥንቸል በካርቶን ይዛልኝ መጣች፤ «ለልጅሽ ትሁን» አለችኝ። እምቢ ልል አፌን ስከፍት ልጄ ካርቶኑን ከፈተችው።

«እማዬ፣ አፍንጫዋን እይው» አለች። «ሁልጊዜ የሆነ ነገር ልትነግረን ያሰበች ነው የሚመስለው።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ከአፏ የሰማሁት ረጅም ነገር ይሄ ነበር። ጥንቸሏ ቀረች።

ግቢያችን የቀበሌ ቤት ነው፤ አጠገቤ ግድግዳ የምትጋራኝ አንዲት አሮጊት አሉ። እሳቸው ነገሩ አልገባቸውም። «በግ ቢሆን ለፋሲካ ይታረዳል» አሉ። «ውሻ ቢሆን ይጮሃል፣ ድመት ብትሆን አይጥ ትይዛለች። የዚችን ሥጋ እንደሁ እኛ አንበላ። ታዲያ ምን ትሠራልሻለች?»

«ትጾማለች፣ እማማ» አለቻቸው ልጄ። «ሁዳዴን ብቻ አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «እንግዲያው ከኔ ቀድማ ገነት ልትገባ ነዋ።» ከዚያ ወዲህ በር ላይ ባዩዋት ቁጥር «ጾመኛዋ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሏታል።

ልጄ አደገች፤ ጥንቸሏ አረጀች። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ደረሳትና ሁለት ቀን በአውቶቡስ ወደሚያስኬድ ከተማ ሄደች። እኔ አራተኛን ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ደስታው እስካሁን ልቤን ሞልቶታል። ግን ደስታም ቢሆን ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። አውቶቡስ ተራ ሻንጣዋን ሲጭኑላት አንገቴን አቅፋ «እሷን አደራ» አለችኝ። «እኔንስ ለማን አደራ ሰጠሽኝ?» ልላት ፈልጌ ነበር። ግን «ሂጂ፣ ይሞላብሻል» አልኳት።

ሰው ሲሄድ ነው በቤት ውስጥ ስንት ድምፅ እንዳለው የሚታወቀው። የልጄ ቦርሳ መሬት ላይ ዱብ ሲል። ፀጉሯን ስታበጥር የምታንጎራጉረው። ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ጥንቸሏ ከአልጋው ስር ትወጣና ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጣለች። አሮጊቷ «ይቺ ነገር ሰዓት ታውቃለች» ይላሉ። እኔም ጉልቴ ላይ ሆኜ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሲያልፉ አንገቴ ይዞራል። ቲማቲም የምትመርጥ ሴት እያናገረችኝ፣ ዓይኔ ከልጆቹ ጋር ወደ ታች ይወርዳል።

ጥንቸሏን ግን አልበደልኳትም፤ ማለቴ፣ እንደዚያ ነበር የማስበው። ስታረጅ ለሽማግሌ የሚደረገውን ሁሉ አደረግኩላት። ዳቦ በሻይ አረጥብላታለሁ። ካሮቱን እቀቅላለሁ፣ ድንቹን እፈጫለሁ። ብርድ የገባ ጊዜ አጥሚት ቀጠን አድርጌ ሠርቼላታለሁ። ለልጄ ስልክ ላይ ይሄን ስነግራት «እማዬ፣ አሞላቀቅሻት» ብላ ትስቃለች፤ ሳቋን ለመስማት ስል ጨማምሬ እነግራታለሁ።

ካሮቱ ባደረ ቀን ማታ ደወለች። የፈተና ሰሞን ነው፤ ድምፅዋ ደክሟል።

«እሷስ?» አለች። ሁልጊዜ ከኔ ቀጥላ የምትጠይቀው እሷን ነው።

«ደህና ናት።»

«እየበላች ነው?»

«እየበላች ነው። አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ።»

ጥንቸሏ እግሬ ስር አንገቷን ደፍታ ነበር። ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ልጄ ከአባቷ ሞት የተመለሰችው በዚች እንስሳ ነው፤ እዚያ ሩቅ፣ የሚያቅፋት ሰው በሌለበት፣ ሞተች ብዬ እንዴት እነግራታለሁ?

በማግስቱም እህል የሚባል ነገር አልቀመሰችም። ከቂርቆስ ጠበል በጠርሙስ ይዤ መጣሁ። ቤት ገብቼ ክዳኑን ከከፈትኩ በኋላ ደግሞ ፈራሁ፤ ቄሱ የማይበላ እንስሳ ነው ይሉ ይሆናል፣ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆናል። ላፈሰው አይሆን፣ ልሰጣት አይሆን። በመጨረሻ ስሟን በልቤ ጠርቼ ለእሷ ብዬ እኔ ጠጣሁት።

አሮጊቷ በር ላይ ቆመው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«እሷን ነው፣ እማማ። እህል ተወች።»

እንደሚያላግጡብኝ ጠበቅኩ። አላላገጡም። ገብተው ጎንበስ ብለው ነኳት። «አጥንቷ ቀረ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ወሎ ሰፈር ልብስ የማጥብላቸው ፈረንጆች ነበሩ፤ ውሻቸውን እዚያው ሰፈር ሐኪም ዘንድ ነበር የሚወስዱት። የውሻ ሐኪም የጥንቸል አያውቅም? ውሰጃት» አሉኝ።

ዘንቢሌን አራግፌ ሹራቡን አነጠፍኩበትና አስገባኋት። እስከ ኦሎምፒያ በእግሬ፣ ከዚያ በታክሲ። ወያላው ጆሮዋን አየ።

«ማዘር፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ጥንቸል ናት።»

«ለሆቴል ነው? ቻይኖቹ ይወዱታል አሉ።»

ከኋላ ሰዎች ሳቁ። እኔ ዘንቢሉን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። «የልጄ ናት» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋን ተዋት» አለችው፤ ስወርድ ዘንቢሉን በሁለት እጁ አወረደልኝ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ጥንቸሏን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ሆዷን ዳበሰች።

«እናት፣ ምንድን ነው የምትመግቧት?»

የማደርገውን ሁሉ ዘረዘርኩላት፤ ቅቅሉን፣ ዳቦውን፣ አጥሚቱን። እንደምታመሰግነኝ ጠብቄ ነበር። የጥንቸሏን ከንፈር ገለጥ አደረገችና አሳየችኝ። የፊት ጥርሶቿ ረዝመው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል።

«የጥንቸል ጥርስ እንደ ጥፍር ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። የሚሞርደው ሳር ነው። ሳር አትበላም?»

«ልጄ ነበረች የምታመጣላት።»

«አሁንስ?»

«ልጄ የለችም» አልኩ። ድምፄ የሐዘንተኛ ስለሆነ ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። «ማለቴ፣ ትምህርት ላይ ናት። ሩቅ ናት።»

ጥርሱ መቆረጥ እንዳለበት፣ ለዕድሜዋ ግን ማደንዘዣው እንደሚያሰጋት ነገረችኝና «እርስዎ ይያዙልኝ» አለች። ያዝኳት። ልቧ መዳፌ ውስጥ ይርገበገባል። ጥርሱ ሲቆረጥ ቀጭ ይላል፤ በየቀጩ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሲያልቅ ሐኪሟ እጇን እየታጠበች «እንግዲህ የለሰለሰ ነገር ይቅር። ሳር፣ እሱ ከጠፋ ድርቆሽ። ግን ዛሬ ነገ መብላት ካልጀመረች አንጀቷ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ብዙ የማደርግላት ነገር የለኝም» አለችኝ።

ከዚያ በር ስወጣ ሳር የት እንዳለ አላውቅም ነበር። በጋ ነው። ሰፈራችን ድንጋይና አቧራ ነው፤ ሳር ለበዓል ጉዝጓዝ ሲመጣ ብቻ የምናየው ነገር ነው። ልጄ ግን ስንት ዓመት በየቀኑ ታመጣ ነበር። ቦርሳዋን ስከፍት ደብተሮቿ ሁሉ ሳር ሳር ይሸቱ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ «ደብተርሽን አበላሸሽው» ብዬ እቆጣት ነበር። አንድ ቀን «ከትምህርት ቤቱ አጥር ስር ነው» ብላኛለች። ከነዘንቢሌ ካዛንቺስ ወዳለው ትምህርት ቤቷ ሄድኩ።

ከአጥሩ ስር ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ በዚያች ቦታ ብቻ ለምለም ሳር በቅሏል። ተንበርክኬ መንቀል ስጀምር ዘበኛው መጡ፤ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው።

«ምን ጠፋብሽ፣ እናት?»

«ሳር ነው አባባ፣ ለጥንቸል። ካልፈቀዱ እተወዋለሁ።»

ዘንቢሉን አዩ፤ ጆሮዎቹን አዩ። ፊታቸው በራ። «የዚያች የቀጭኗ ልጅ ጥንቸል ናት? አለች እንዴ እስካሁን?»

«እናቷ ነኝ። ያውቋታል?»

«ምን ማወቅ፣ ሲደወል ሌላው ልጅ ወደ በር ሲሮጥ እሷ ወደዚህ ነው። ካንቺ ይልቅ እዚህ ተንበርክካ ያየኋት እኔ ነኝ።» ሳቁ። «አንድ ቀን፣ እናትሽ አትክልት ትሸጥ የለም እንዴ፣ ጎመን አትሰጥሽም? አልኳት። ምን አለችኝ? እናቴ ጥሩ ጥሩውን ቅጠል ለጥንቸሏ ትሰጥና የሚገዛት ታጣለች፤ እኔ ሳር ካመጣሁ ግን ትተዋለች አለችኝ። ልጅ ናት እኮ ያን ጊዜ።»

አንገቴን ደፍቼ ነቀልኩ። ልጄ ጉልበቷን ባሳረፈችበት አፈር ላይ ጉልበቴን አሳርፌ ነበር፤ ስንት ዓመት እያንዳንዱን ከሰዓት እዚህ ስትሆን እኔ ጉልቴ ላይ ሆኜ «ምን አስቆያት?» እያልኩ እናደድ ነበር። ናፍቆቴ ያን ቀን ሌላ ሆነ። እስከዚያ ድረስ የሄደችውን ትልቋን ልጅ ነበር የምናፍቀው፤ አሁን ትንሿም ናፈቀችኝ፣ ቤቴ እያለች ያላየኋት። ዘበኛውም ጎንበስ ብለው ይነቅሉልኝ ጀመር።

ቤት ስገባ ሳሩን ሹራቡ አጠገብ ዘረገፍኩት። አሸተተችው፤ ራሷን አዞረች። አሮጊቷ «አፏ ቆስሎ ነው፣ ተያት፣ አትፍጠጪባት» አሉኝ። አልቻልኩም። ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ፣ ፊቴን ከፊቷ ጋር እኩል አደረግኩ። ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት ደረሰ። እንደ ልማዷ ወደ በሩ ዞረች፣ ቆየች። ማንም አልገባም። ከዚያ ተመለሰችና ከሳሩ አንዷን ዘለላ በጫፏ ያዘች። ዘለላዋ ቀስ እያለች፣ እያጠረች ወደ አፏ ገባች። ከዚያ ሌላ። ማላመጧ ይሰማኛል፤ ደረቅ ወረቀት እንደ መቅደድ ያለ ትንሽ ድምፅ። አሮጊቷ በጆሯቸው ጥሩ አይሰሙም፤ «ምን አለች?» አሉኝ።

«እየበላች ነው፣ እማማ» አልኩና አለቀስኩ።

ልጄ ማታ ደወለች። ፈተናዋን ጨርሳለች።

«እሷስ?»

«ደህና ናት» አልኳት፤ በዚያ ሰሞን ይህን ቃል ሳልፈራ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። «ሳር አመጣሁላት። ካንቺ ቦታ፣ ካዛንቺስ። ዘበኛው ሰላም ብለውሻል።»

ስልኩን ወደ አፏ ስታስጠጋ ተሰማኝ።

«አንቺ ሄድሽ፣ እማዬ?»

«እኔ ሄድኩ። ከእንግዲህም የምሄደው እኔ ነኝ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከአልጋው ስር ያ የወረቀት ድምፅ ይሰማ ነበር። ልጄ አሁንም ሁለት ቀን ትርቃለች፤ ቦርሳዋ መሬት ላይ ዱብ አይልም። ግን ጥንቸሏ ድናለች። እኔም ከዚያ ፍርሃት ወጥቻለሁ፤ ደህና ነን።