እሜቴ ሽቦና ዝም የማይለው ማሽን

ያን ክረምት ሳስታውስ አስቀድሞ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የእርጥብ አንሶላ ሽታ ነው። ሰማዩ ተቀዶ የቀረ ይመስል ነበር። ጠዋት ይዘንባል፣ ቀትር ላይ ያካፋል፣ ማታ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ ያኔ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ ሰፊ ነበርኩ። የተቀደደ አንሶላ እጠቅማለሁ፣ የሐኪሞቹን ጋውን ቁልፍ እተክላለሁ። ያን ክረምት ግን ሥራዬ ሁሉ ማድረቅ ሆነ። ጣቶቼ ተጨማደው፣ ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ፣ እንዲያም ሆኖ ደስ ይለኝ ነበር። ለምን ደስ እንዳለኝ የገባኝ በኋላ ነው፤ ጥሩ ጎረቤት ስለነበረኝ ነው።

ጎረቤቴ ከግድግዳው ማዶ፣ የማሽን ክፍል በሚሏት ጠባብ ክፍል የምትሠራ ሴት ነበረች። ሆስፒታሉ በሙሉ «እሜቴ ሽቦ» ነው የሚላት። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች የወጣላት ስም የሚመስለው ብዙ ነው፤ አይደለም። ከካርድ ክፍል እስከ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ እስከ መድኃኒት ቤት የተዘረጋው ሽቦ ሁሉ የሚገናኘው እሷ ክፍል ባለው ማሽን ላይ ነበርና ነው። «እሜቴ» የተጨመረባት ደግሞ ያንን ሽቦ ሳያስፈቅዳት የሚነካ ሰው ስለሌለ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ መጥረጊያዋን ደጃፍ ላይ አቁማ «እሜቴ፣ ልግባ?» ትላት ነበር።

ማሽኑ በጀርባው ሞቅ ያለ ትንፋሽ ያወጣል። እኔም የሕፃናት ክፍልን ካልሲ በጉያዬ ይዤ እሄዳለሁ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የልብስ ማስጫ አይደለም!» ትለኛለች።

«እኔ አውቃለሁ ልጄ፤ ማሽንሽ ግን አላወቀም።»

ስቃ ወንበሯን ወደ ማሽኑ ጀርባ ትገፋልኛለች፤ መደገፊያው ላይ እደረድረዋለሁ። ካልሲው እስኪደርቅ እናወራለን። አንድ ቀን «ለመሆኑ አንቺ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

እንደነገረችኝ፣ ማሽኑ ሽቦው የሚሰካባት ካርድ አለችው። ማሽኑና ካርዷ ግን ቋንቋቸው አይገጥምም። በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም እንደ አስተርጓሚ ቆሞ የአንዱን ለሌላው ያደርሳል። እሷ የምታዘው ያንን አስተርጓሚ ነው። በምን ፍጥነት እንዲያወራ፣ እየተናገረ እንዲሰማ ወይስ ተራ እንዲጠብቅ፣ ስንት መልእክት ሲጠራቀም ማሽኑን እንዲቀሰቅስ ታስተካክልለታለች።

«የመጨረሻው አልገባኝም» አልኳት።

«አንሶላ አንድ ባንድ እያመጡ በር ቢያንኳኩብዎት መስፋት ይችላሉ?»

«አብዳለሁ እንጂ!»

«ቅርጫቱ ሞልቶ እስኪፈስ ቢያጠራቅሙብዎትስ?»

«ቀዶ ጥገና ክፍሎች መጥተው ይጮሁብኛል።»

«በቃ፣ የሁለቱን መሀል ማግኘት ነው የኔ ሙያ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ገብቶኛል ባይ ሆንኩ። ማዘዙ ግን ትንሹ ነው፤ ትልቁ መጠበቁ ነው። ስክሪኑ ላይ የገባው፣ የወጣው፣ የተበላሸው፣ መንገድ ላይ የወደቀው መልእክት በየረድፉ ይቆጠራል። የተበላሸውና የወደቀው ዜሮ መሆኑን ካላየች ሻይ አይወርድላትም። ሻይ ቤት ተቀምጣ እንኳ አንገቷ ወደ ሆስፒታሉ እንደዞረ ነው።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ ፍቅር የያዛት። በስተርጅና አልልም፤ ግን ጓደኞቿ ሁሉ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገቡበት ዕድሜ ላይ ነበረች። ሰውዬው ሐይቅ ዳር ካለች ሩቅ ከተማ የራጅ ማሽናችንን ሊጠግን የመጣ ነው። ዝግ ያለ ሰው! አንድ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ እኔ አንድ እጅጌ እዘመዝማለሁ። ወደ ራጅ ክፍሉ ሽቦ መሳብ ፈልጎ ሊያስፈቅዳት መጣ፤ «ነገ ይምጡ» አለችው። በነጋታው መጣ። «ነገ ይምጡ።» መጣ። ሽቦው ተስቦ፣ ራጁ ድኖ፣ ሰውዬው ግን አሁንም ሊያስፈቅድ ይመጣል።

«አሁን ደግሞ ምን ሊያስፈቅዱ ነው?» አለችው አንድ ቀን፣ እኔ ካልሲ ይዤ በር ላይ ቆሜ።

ረጅም ጊዜ አሰበ። «ቁጭ ማለት» አለ።

ቁጭ አለ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ በስልክ ተጨራረሱ። እናቱ ከአልጋ የማይነሱ አሮጊት ናቸው፤ ልጃቸውን ድረው ለማየት ቸኩለዋል። ስለዚህ ጋብቻው እዚያው እንዲሆን ማዘጋጃ ቤት ቀጠሮ ተያዘ። ሥራ አስኪያጃችንም ፈቃዷን ፈረመላትና «ኔትወርኩ ከቆመ ግን ከአውቶቡስ ላይም ቢሆን አስወርጄ አመጣሻለሁ» አላት። ቀልድ መስሎን ሳቅን።

የሄደች ዕለት ሻንጣዋን ይዛ፣ ከንፈሯን ቀባ አድርጋ፣ ሁላችንንም ስማ ወጣች። ረፋዱ ላይ በሽተኛው ሲበዛ ከላቦራቶሪ «ቆመ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ድምፅዋ ጡሩንባ ነው፤ ስልክ አያስፈልጋትም። የደም ውጤት ከላቦራቶሪ ወደ ሐኪሞቹ አልሄድ አለ። እሜቴ ሽቦ ገና መናኸሪያ ነበረች፤ ሻንጣዋን እየጎተተች ተመለሰች። ማሽኑን አጠፋች፣ አበራች፤ ነፍስ ዘራ።

ሁለተኛ ቀጠሮ ተያዘ። አሁንም ረፋዱ ላይ «ቆመ!» አሁን ግን አውቶቡሱ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ተደውሎላት ወርዳ የሲሚንቶ ጭነት መኪና ለምና፣ ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ ዱቄት መስላ መጣች።

«ይኸው ሙሽራዋ ነጭ ለበሰች!» አለች የላቦራቶሪዋ ሴትዮ። ምላሷ ይቆረጥ ብዬ በሆዴ ረገምኳት። እሜቴ ሽቦ አጠፋች፣ አበራች፤ ሠራ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ በሙሉ አንድ ሃይማኖት ያዘ፤ የሷ እጅ ካልነካው አይሠራም አሉ። እሷ በሌለችበት ማሽኑን እንዲጠብቅ የሚመደበው ጡረታ የቀረበው ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ቅጽል ስሙ «ቀስ በል» ነው። እሱም መንካቱን ፈርቶ «እኔ ምን ላድርግ? ፊቴን ሲያይ ነው የሚጠፋው» እያለ ይምላል። እውነቱን ለመናገር እሷም በልቧ ደስ ሳይላት አልቀረም። ያለ አንቺ አልኖርም መባል የማንን ልብ አያሞቅም? ማሽንም ቢሆን።

ሰውዬው ግን ደወለ። ካልሲ እያሰጣሁ ነበርና ሰማሁ፤ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚናገር አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ሦስተኛ ቀጠሮ ይዣለሁ። እናቴ እየደከመች ነው። ከዚህም ከቀረሽ... አልቀየምሽም። ማሽኑን እንደመረጥሽ ግን ይገባኛል። አራተኛ አልይዝም።»

ስልኩን አስቀምጣ ቁጥሮቿ ላይ አፈጠጠች። «እትዬ፣ መሄድ እኮ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «የታመመ ሰው ውጤት እየጠበቀ እንዴት ጥዬ ልሂድ? እሱንም እኮ ማጣት አልፈልግም! ምን ይሻለኛል?»

ካልሲዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው መንጋጋዋ አበጠ። የጥርስ ሕመም ቀጠሮ አያውቅም፤ ጠዋት ሥራ እንደገባች ጉንጯን ይዛ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ዣንጥላዋን እንኳ ሳታነሳ ወደ ጥርስ ሐኪም ሮጠች። ነቀሉት። ትኩሳት ስለያዛት እህቷ ቤት ተኝታ ሰነበተች። ስትመለስ አገጯን በሻሽ አስራ ነበር፤ በቀጥታ የሄደችው ወደ ማሽኑ ነው። ማሽኑ እቴ! ዓይኑን አላሸም። የተበላሸ ዜሮ፣ የወደቀ ዜሮ።

«አንቺ ስትጠፊ እንዴት ያለ ሰላም ነው!» አለቻት የላቦራቶሪዋ።

እሜቴ ሽቦ እኔ ክፍል መጥታ አንሶላ ክምር ላይ ተዘፈዘፈች። «አልናፈቅኩትም ማለት ነው» አለች፣ በታሰረ አፏ እየተንተባተበች።

«ማን? ሰውዬው?»

«ማሽኑ!»

«በስመ አብ! በማሽን ኩርፊያ አለ እንዴ?»

አልሳቀችም። መርፌዬን ታያለች። «እትዬ፣ የጥርሴ ቀን ምን ሳላደርግ ነው የሄድኩት?» አለችኝ።

«ሻንጣ ሳትይዢ።»

«ሌላስ?»

«ከንፈርሽን ሳትቀቢ። ማንንም ሳትሰናበቺ።»

«ሳልሰናበት!» ብላ ዘላ ተነሳች። ሻሿ ተፈታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይቨሩ እንደ ልማዱ የሚናገረው ችግር ሲገጥመው ብቻ ነው። ከፈለጉ ግን ሁሉንም ተናገር ሊሉት ይችላሉ፤ ያኔ ለያንዳንዷ መልእክት «መጣች፣ ተቀበልኳት፣ አሳለፍኳት፣ ደህና ነኝ» እያለ ይጽፋል። እሜቴ ሽቦ ሁለቱንም ጊዜ፣ ከመውጣቷ በፊት፣ እሷ በሌለችበት የሆነው ሁሉ ተጽፎ እንዲቆያት ብላ ወሬውን እስከ መጨረሻው ከፍታለት ነበር፤ ማሽኑን የምትሰናበተው እንዲህ ነው። የጥርሷ ቀን ግን ሳትከፍትለት ሮጠች። የሚጽፍበት ስክሪን ደግሞ በቀጭን ሽቦ የተያያዘ፣ ከኔ የባሰ ዘገምተኛ የሆነ አሮጌ ነገር ነው። ጠዋት ጭር ሲል ይደርስበታል። ረፋዱ ላይ በሽተኛ ሲጎርፍ ግን ማሽኑ «ደህና ነኝ»ን ጽፎ እስኪጨርስ ሥራውን ይዞ ይቆማል። ስታጠፋና ስታበራው ወሬው ወደ ልማዱ ይመለሳል፤ እጇ ፈዋሽ የመሰለው በዚህ ነው። የተጻፈውንም አንብባው ነበር። እስከ መጨረሻዋ ድረስ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ማን ይጠረጥረዋል?

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«ይምጡ።»

ክፍሏ ገባን። ሰዓቱ በሽተኛ የሚበዛበት ነው። ወሬውን ከፈተችለት። ስክሪኑ እንደ ጎርፍ ወረደ። ትንሽ ቆየንና ኮሪደሩ ማዶ «ቆመ!»

ዘጋችው።

«ሠራ!»

እንደገና ከፈተች።

«ኧረ ቆመ!»

ዘጋች።

«ሠራ! ኧረ ማነው የሚጫወትብኝ? ሰው የለም እዚያ?»

እሜቴ ሽቦ ጥርሷ የተነቀለበትን ጉንጭ ይዛ ሳቀች፤ ሲያማት ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። በኋላ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እኔ ነኝ እኮ» አለች። «ሁለት ጊዜ ሰርጌን ያስቀረሁት እኔው ነኝ።»

ለሥራ አስኪያጁ ሄዳ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። «እንዲያው ባጭሩ፣ 'እንዴት ነህ፣ እንዴት ነህ' ብለሽ ነው የገደልሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሂጂልን እባክሽ።»

የሦስተኛው ጉዞ ጠዋት አላመንኳትም፤ የሰው ጠባይ በአንድ ጥርስ አይነቀልም። መርፌዬን ጥዬ ማሽን ክፍሉ በር ላይ ተገተርኩ። አልተሳሳትኩም፤ ሻንጣዋ እግሯ ሥር፣ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ናቸው።

«ትንሽ ብቻ እትዬ። ሁሉንም አይደለም፤ የሚገባውን ብቻ እንዲጽፍ...»

«እጅሽን አንሺ።»

«ቢበላሽስ?»

«ሲበላሽ ይናገራል አላልሽም? ያ ሰውዬ ግን አይናገርም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። እጅሽን አንሺ ልጄ!»

እኔ እንኳ አታነሳም መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት እያለች አነሳች፤ እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ነበር። ቀስ በልን ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው የምጠብቀው?» አላት።

«ምንም። ከተበላሸ ራሱ ይነግርዎታል።»

«ካልተበላሸስ?»

«ሻይ ይጠጡ።»

«ይህን የመሰለ ሥራ እስከ ዛሬ ማን ደብቆብኝ ነው!» አለ ቀስ በል።

ሻንጣዋን በአንድ በኩል እኔ ይዤላት በዝናብ መናኸሪያ ወረድን። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ መስኮቱን ከፍታ አንድ ነገር ልትነግረኝ ፈለገች፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። እኔም «እሺ፣ እሺ» አልኩ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ረፋዱ ላይ ግማሹ ሠራተኛ ኮሪደር ላይ ቆሞ «ቆመ!» የሚለውን ይጠብቅ ነበር። አልመጣም። የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ቅር እንዳላት ፊቷ ያስታውቃል። ማሽኑ ዋለ፣ አደረ፣ ከረመ። የማሽኑ ክፍል ቀስ በል ሻይ የሚጠጣባት ሆነች፤ ካልሲ ይዤ ስሄድም «ያስቀምጡት» ይለኛል እንጂ የሚከራከረኝ አጣሁ።

ጋብቻው ተፈጸመ። እናትየው በአልጋቸው ላይ ሆነው ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት ዳሰሱት ብላ በስልክ ነገረችኝ። ፈቃዷ ሲያልቅ የመልቀቂያ ደብዳቤ ላከች እንጂ አልተመለሰችም። አሮጊቷ ከሁለት ክረምት በኋላ ዐረፉ።

ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅዋን የሰማሁት እኔ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ነው። ያኔ በዚያችው በሐይቅ ዳር ከተማ፣ ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ ባለ ቤት ከባሏ ጋር ትኖር ነበር፤ የጀልባ ትኬት የሚቆረጥበት ቢሮ ውስጥም ኔትወርክ ላይ ትሠራ ነበር።