«የቀድሞ በል»

አጎቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ «ጂኦሎጂስቱ» ብሎ የጠራቸውን ሰው ሳያርሙት አያልፉም ነበር። «የቀድሞ በል» ይላሉ፤ ለቅሶ ቤትም ይሁን ባጃጅ ውስጥ። «ሕጉ ጂኦሎጂስት የሚለው የተማረውን ብቻ አይደለም፤ የሙያ ፈቃዱ ጊዜው አልፎ ያልተቃጠለበትን ነው። የእኔ ተቃጥሏል።» ግትርነታቸው ያናድደኝ ነበር።

አዋሽ ላይ መሬቱ ደጋግሞ በተንቀጠቀጠበት ሰሞን የጎረቤታችን ቤት ተሰነጠቀ። ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ እርስዎ ግቢ ካሉኝ እገባለሁ» አለቻቸው። ሄደው የግድግዳውን ስንጥቅ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

«እንደ ባለሙያ የምልሽ የለኝም፤ እሱን ከሰመራ የሚመጣው ባለፈቃድ ይንገርሽ። እንደ ጎረቤት ግን ልጆቹን ይዘሽ እኛ ጋ ግቢ» አሏት።

መኝታ ክፍላቸውን ለቀቁላትና ታጣፊ አልጋቸውን ግቢው ውስጥ ዘረጉ። ባለሙያው ከመድረሱ በፊት ያ ግድግዳ ተደረመሰ። ከዚያ ወዲህ መሬቱ በተነቃነቀ ቁጥር ልጆቹ ወደ አጎቴ አልጋ ይሮጡና «ግቡ» እስኪሏቸው እዚያው ይቆዩ ነበር።

ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «አንጋፋው ጂኦሎጂስት» ተባለ። እኔና ጎረቤታችን ተያየን። ያረመ ሰው የለም።

ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ገና አረፍ ከማለታችን መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሮጡ። አልጋው ታጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። ትንሿ ልጅ እሱን አየችና ወደ እኔ ዞራ «ቤት እንግባ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልጋውን አንስቼ ግቢው ውስጥ ዘረጋሁት።