የሐምሌ ጃንጥላ

በየካቲት ጠራራ ፀሐይ፣ ጥቁር ጃንጥላ አጥፋ ወደ አምቦው ጠበቃ ወደ ጋሮማ ቢሮ የምትመላለስ አንዲት ሴት ነበረች። የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ወክሏት፣ የቀድሞው ሊቀመንበር እህሉን ያከማቸበትን የጋራ አዳራሽ ለማስለቀቅ ነው። የሐዘን ሻሿ ወይቧል፤ ሻይ ቢጋብዟት አትቀምስም።

የተፈረደላቸው ዕለት ጋሮማ እየሳቀ፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አዴ! በዚህ ሳምንት እናስለቅቀዋለን» አላት።

«ይቆዩ፣ ኦቦ ጋሮማ። ባሌ የሞተ ጊዜ ሰውየው ያን አዳራሽ አልከፍትም ብሎ፣ ለቀስተኛዬን ሁሉ ዝናብ ደብድቦታል።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ሐምሌ ይግባ። እህሉን በዝናብ ያውጣ።»

ጃንጥላዋን ከግድግዳው አነሳች።

«ይህን ዘርግቼ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ አየዋለሁ።»